ወግዲ ሄጄ ያልቆጠርኳቸው ልጆች

በመሥሪያ ቤታችን ወግዲን ያየ ሰው አልነበረም። መንገዱ ሩቅ ነው ይባላል፣ ብርድ ነው ይባላል፣ ገደል ነው ይባላል። እኔ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሩቅም ነው፣ ብርድም ነው፣ ገደልም ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ገደሉ ብዬ አይደለም። እዚያ የተቀበሉኝን ሰዎች ደግነትና በደግነታቸው ምትክ ያደረግሁትን ሳልሸሽግ ለማስቀመጥ ነው።

ሥራዬ ባሕር ዳር ተቀምጦ የትምህርት ቤቶችን ድጎማ ማስላት ነበር። ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ መስጠት የተጀመረ ሰሞን ነው። ነገሩ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ልጆቹን ቆጥሮ ማካፈል። ግን ሁሉም ልጅ እኩል አይቆጠርም። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እንደ አንድ ይያዛል። ሰባተኛና ስምንተኛ የደረሰው መጽሐፉም መሣሪያውም ስለሚበዛ ከአንድ ትንሽ ከፍ ይላል። ዓይኑ የማያይ ወይም ጆሮው የማይሰማ ልጅ ደግሞ ለብቻው የሚደክምለት መምህር ስለሚሻ እኛ በምናሰላበት ቀመር እንደ ሁለት ልጅ ይቆጠራል። ይህን «ክብደት» እንለዋለን። የልጆቹ ቁጥር በየክብደቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ያለው ገንዘብ በድምሩ ይከፋፈላል። ገንዘቡ የተወሰነ ስለሆነ አንዱ ትምህርት ቤት ያለአግባብ ከፍ ካለ ሌላው ይጎድልበታል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ከወግዲ ወረዳ ከአንድ ገጠር ትምህርት ቤት የመጣው ቅጽ ላይ፣ «መስማት የተሳናቸው» በሚለው ዓምድ ሥር፣ አሥራ አንድ ተብሎ ተጽፏል። ሌሎቹ የገጠር ትምህርት ቤቶች እዚያ ዓምድ ላይ ወይ ምንም የላቸውም፣ ወይ አንድ ሁለት ነው። ኃላፊዬ ቅጹን አገላብጦ አየና «አንድ ቀበሌ ውስጥ አሥራ አንድ? ሂድና በዓይንህ እያቸው። ክፍል ውስጥ ያየኸውን ብቻ ጻፍ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ከቤቴ የወጣሁት ሌባ ልይዝ ነው።

ሰኞ

ከባሕር ዳር በአውቶቡስ የተነሣነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሚስቴ ብርድ አለ ሲባል ሰምታ ወፍራም ሹራብ አውጥታልኝ ነበር። እኔ ጥር ወር ላይ ሐይቁ ዳር የምለብሳት ጃኬት ትበቃኛለች ብዬ ትቼው ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር። እኛ አገር መንገዱ ሜዳ ስለሆነ አሮጊትም ብትሆን ብስክሌት ትነዳለች። ደሴ ግን ከመናኸሪያው አልጋ የያዝኩበት ቤት እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፌያለሁ። የአልጋው ቤት ሴትዮ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ሽቅብ አወጡልኝ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም።

ማክሰኞ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው አውቶቡስ ከሰው ይልቅ ጆንያ የጫነ ይመስላል። ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ጃኬቴን እየጎተትኩ የሚስቴን ሹራብ አሰብኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራች ጥቁር ባና ተከናንበዋል። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ሳይዞሩ የባናውን ጫፍ ወደ እኔ ወረወሩት።

«ግባ፣ ግባ» አሉኝ። «ባና ለአንድ ሰው አይሠራም።»

አቀስታን አልፈን ብዙ ሳንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማውን እስኪቀይሩ ሁላችንም ወርደን ገብስ የታጨደበት ሜዳ ላይ ቆምን። ነፋሱ የሚያርፍበት ዛፍ እንኳ የለም። ሽማግሌው ባናቸውን ከትከሻቸው አውጥተው በሙሉ ለእኔ አለበሱኝና እሳቸው በነጠላቸው ቀሩ። እኔ አርባ ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ፣ እሳቸው ሰባን ያለፉ ናቸው። አፍሬ ልመልስ ስል «አብሽር፣ እኔ ለምጄዋለሁ» ብለው ሳቁ። መንገድ ላይ በምትገኝ አንዲት መንደር ሲወርዱ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

መካነ ሰላም የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። የወግዲ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር አቶ እንድሪስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነበር። ኔትወርክ ስለሌለ ጎማ መፈንዳቱን የነገረው የለም፤ ብሄድ እንተላለፋለን ብሎ ምሳውንም ሳይበላ ውሏል። አልጋ ይዞልኛል፣ ሙቅ ውኃም በጀሪካን አስቀምጦልኛል። እኛ ቢሮ ከወረዳ ሰው ሲመጣ ወንበር እንኳ የሚስብለት የለም። ይህን እያሰብኩ ሽሮዬን በላሁና ተኛሁ።

ረቡዕ

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ሲሚንቶና ዘይት የጫነ አይሱዙ አገኘን። እንድሪስ ጋቢናውን ለእኔ ለምኖልኝ እሱ ከጭነቱ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ሾፌሩ ጠጋ ጠጋ አለና ሦስታችንም ጋቢና ተጨናንቀን ሄድን። ድንጋዩ ላይ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ጭንቅላቴ ጣሪያውን ይነካል። እንድሪስ ግን በአስፋልት የሚሄድ ይመስል ረጋ ብሎ ያወራል። የመጣሁበትን ጉዳይ ያውቃል፤ የክብደቱን ነገር ግን በደንብ የነገረው ሰው አልነበረም። ነገርኩት።

«እንግዲህ አንድ የማይሰማ ልጅ ሁለት የሚሰማ ልጅ ያህላል ማለት ነው?» አለ።

«በድጎማው እንጂ በሌላው አይደለም።»

«በሌላውማ እኛ ዘንድ አንድም አይሞላ። አባትን ‹ስንት ልጅ አለህ?› ብለው ቢጠይቁት ያን ልጅ ዘሎ ነው የሚቆጥር።»

«ታዲያ አሥራ አንዱ ከየት መጡ?»

«ዘይነባ ናታ» አለ። «የትምህርት ቤቱ መምህርት ናት። ደሴ ለጥቂት ሳምንት የምልክት ቋንቋ ሥልጠና ሄዳ መጣች። ከዚያ በየቅዳሜው በየቤቱ እየዞረች ለቀመቻቸው። አንዱን ከጓሮ፣ አንዱን ከከብት ኋላ። አንደኛው አባት ውሻ ሁሉ ለቆባታል።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ በልቤ «ወረዳውም አብሮ ተስማምቷል» አልኩ። እንዲያ ነበር ያስተማረኝ ሥራዬ። ቁጥር ከፍ ሲል የምጠይቀው ማን ጨመረው ብዬ እንጂ ማን ደከመበት ብዬ አልነበረም።

ሾፌሩ ወግዲ ሲያወርደን ቅዳሜ በማለዳ ወደ መካነ ሰላም እንደሚመለስ ነገረኝ። ከእሱ በኋላ ማክሰኞ ካልሆነ መኪና የለም አለ። ቦታ ያዝልኝ አልኩት።

ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ ከወግዲ በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በቅሎ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሁት በልጅነቴ ነው። አንድ ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ ቆም ስትል እኔ አልቆምኩም፤ በአንገቷ በኩል አልፌ እሾህ ላይ ወደቅሁ። አልተጎዳሁም፤ የግራ ጫማዬ ሶል ግን ተገንጥሎ አፉን ከፈተ። እንድሪስ ከበቅሎዋ ጭነት ገመድ ቆርጦ ጫማዬን እንደ ጥቅል አሰረልኝ። ከዚያ በኋላ በእግሬ ስሄድ የሚሰማው ድምፅ እሱን ያስቀው ነበር፤ ከትሕትናው የተነሣ ግን ፊቱን ያዞራል።

አንድ አፋፍ ላይ ስንደርስ ከሥራችን የዓባይ ሸለቆ ተከፈተ። ማዶ ያለውን ሰማያዊ ደጋ እያሳየ «ያ ጎጃም ነው፣ የእናንተ አገር» አለኝ። አባቴ የተወለደው በዚያ በኩል ነው። ከቤቴ ሦስት ቀን ዞሬ መጥቼ የአባቴን አገር ከጀርባው በኩል አየሁት። ቅርብ ይመስላል፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢጣራ የሚሰማ ይመስላል።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። ሁለት ረዣዥም ቤቶችና ለብቻዋ የቆመች አንዲት ትንሽ ጭቃ ቤት አሉት። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ሄዶ ስለነበር የተቀበለችኝ ተወካዩ ናት፤ ራሷ መምህርት ዘይነባ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራለች፤ እጆቿ በጠመኔ ነጥተዋል። ወደ ትንሿ ቤት ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ ከካርቶን የተቆረጡ ሥዕሎች አሉ፤ ላም፣ ምሳር፣ ውኃ፣ እናት። ከያንዳንዱ ሥር ቃሉ ተጽፏል። አግዳሚው ላይ ትንንሽ መስታወቶች ተደርድረዋል፤ ልጆቹ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እንዲያዩበት ከራሷ ደመወዝ የገዛቻቸው ናቸው።

መስታወቶቹ አሥራ አንድ ናቸው። ልጆቹ ሁለት ነበሩ።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ያዩኛል። ዘይነባ ሰሌዳው ላይ «ውኃ» ብላ ጻፈችና ወደ ልጅቱ ዞረች። ልጅቱ ሦስት ጣቶቿን ወደ አገጯ አስጠግታ አሳየች፣ ሄዳም የውኃውን ሥዕል ነካች። ልጁ ፈጥኖ እጁን አወጣ፤ ሌላ ቃል እንድትጽፍለት ነው። ከእነሱ ጋር ብዙ ቆየሁ። ማስመሰል እንዳልሆነ ለማወቅ ግን አንድ ደቂቃ በቅቶኝ ነበር።

«የቀሩትስ?» አልኳት።

ከክፍሉ ወጥተን በሩ ላይ ቆምን። «ከክልል ሰው ሊያያቸው ይመጣል ተብሎ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ተነገረ» አለች። «ያጠፋን ‹ሊያያቸው› የሚለው ቃል ነው። አንዱ ‹ሊወስዷቸው ነው› አለ። ሌላው ‹መንግሥት መዝገብ ላይ ከሰፈሩ እህቶቻቸውን የሚያገባ አይገኝም› አለ። ሰኞ ሁሉም ነበሩ። ማክሰኞ ስምንት፣ ትናንት አምስት፣ ዛሬ እነዚህ ሁለቱ።»

«መመሪያው ክፍል ውስጥ የተገኘ ተማሪ ነው የሚለው።»

«ከክፍል የጠፉት እኮ እርስዎ ስለመጡ ነው» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ነገ አብረውኝ ይዙሩ። በየቤታቸው አሳይዎታለሁ። እዚሁ ቀበሌና ማዶው ቀበሌ ናቸው፤ አንድ ቀን አይፈጅም።»

መኪናው ቅዳሜ በማለዳ እንደሚሄድ፣ ለእሱ ደግሞ ነገ ጠዋት ከዚህ መነሣት እንዳለብኝ ነገርኳት። ቤት ለቤት ያየሁት ልጅ በመመሪያው ተማሪ እንደማይባልም ጨመርኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ቅጹን አውጥቼ «የተረጋገጠ፦ ሁለት» ብዬ ሞላሁና ማኅተም እንድትመታበት ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መታችበት፣ ፈረመችም። ማኅተሙ እንዳይዛባ በሁለት እጇ ይዛ ነው የመታችው።

የዚያን ቀን ያሳደሩኝ ሼህ ሰይድ ናቸው፤ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ጥቂት እልፍ ብሎ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ቁርአን የሚያስተምሩባት ሰፊ ጎጆ አለች። ክርስቲያን መሆኔን ከእንድሪስ ሰምተው ጎረቤታቸውን አቶ ደምሴን አስጠርተዋል። አቶ ደምሴ ዶሮውን ባርኮ አረደ፣ ሚስቱ እቤቷ ሠርታ በድስቱ አመጣችው። ሼሁ ከዚያ አይበሉም፤ የራሳቸውን ሽሮ በሌላ ሰሃን ይዘው፣ ብቻዬን እንዳልበላ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ባሕር ዳር ከግድግዳ ጎረቤቴ ጋር ዓመት ሙሉ ማዕድ አልቀረብኩም።

እጄን ያስታጠበችኝ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። «እደጊ» አልኳት። ዝም አለች። ውኃው በቃኝ ለማለት «ይበቃል» አልኳት፤ ማፍሰሷን አላቆመችም። እጄን ሳነሣ ግን ወዲያው አቆመች። ዓይኖቿ ከእጄ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ እጄ ይሄዳሉ። ቀና ስል ሼሁ ያዩኛል። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ብላ አሉኝ።

ዓርብ

በጠዋት ቅንጬ ቀርቦልን ስንበላ ሼሁ ራሳቸው ጀመሩት።

«ልጅቱን አየሃት?»

«አየሁ።»

«ሐያት ትባላለች። የልጄ ልጅ ናት፤ እናትዋ አረብ አገር ናት። እሷም ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት። ከትምህርት ቤት ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ሰው ሲያወራ ሰማሁና ፈራሁ። አዋቂ ነህ ይሉኛል፤ እንደ ሁሉም ሰው ፈራሁ።»

ሐያት ከሕፃንነቷ ጀምራ ቁርአን ከሚማሩት ደረሶች ኋላ እየተቀመጠች ታያለች አሉ። በእንጨት ሰሌዳው በሉሁ ላይ የመጀመሪያውን ፊደል አሊፍን ከወንዶቹ አሳምራ ትጽፋለች፤ ድምፁን ግን አታውቀውም። ዘይነባ እስክትመጣ ድረስ ፊደል ስም እንዳለው የነገራት አልነበረም።

ከዚያ ክብደት የምንለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእንድሪስ እንደነገርኩት ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ስትጽፋት እንደ ሁለት ናት» አሉ።

«አዎ።»

«ሳትጽፋት እንደ ምንም።»

«አዎ።»

«መካከል የለውም?»

«የለውም።»

ጢማቸውን ያዙ። «እንግዲያ ስማኝ ልጄ። ዛሬ ጁምዓ ነው። የልጆቹ አባቶች ሁሉ መስጊድ ይመጣሉ። ከሰላቱ በኋላ እኔ እነግራቸዋለሁ። ‹የልጄን ልጅ በእጄ ይዣት እመጣለሁ፣ እናንተም ይዛችሁ ኑ› እላቸዋለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሁሉም ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን እደርልኝ።»

መኪናዋን ነገርኳቸው። እስከ ማክሰኞ ሌላ እንደሌለ፣ ሪፖርቱ በቀጠሮው ካልደረሰ የወረዳው ሁሉ ድጎማ እንደሚዘገይ ነገርኳቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር ግን እውነት አልነበረም። ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ የሚሆን ነገር የለም።

ሐያትን ብቻዋን መጻፍ ደግሞ ያን ጠዋትም እችል ነበር። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ይዘናት ሄደን፣ ክፍል ገብታ፣ «ሁለት» የሚለውን ሰርዤ «ሦስት» ብዬ ብፈርምበት ያልቅ ነበር። ስርዝ ያለበት ቅጽ ይዤ ኃላፊዬ ፊት መቆም አልወደድኩም። እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ሼሁ አልለመኑኝም። እንግዳ አይጨነቅም ብለው ይመስለኛል። ለመንገድ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ፣ በሩ ላይ ቆመው «አላህ መንገድህን ያግራልህ» ብለው መረቁኝ። ሐያት ከኋላቸው ቆማ በገመድ የታሰረ ጫማዬን እያየች ፈገግ አለች። እጄን አነሣሁላት፣ እሷም አነሣች።

በመንገድ ላይ እንድሪስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። እኔም በቅሎዋ ላይ ተጠንቅቄ ተቀመጥኩ። ወግዲ ስንደርስ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ቅዳሜ

በማለዳ ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። መኪናዋ አልመጣችም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። በኋላ ከሾፌሩ ቤት ሰው መጥቶ ሞተሯ አልነሣ እንዳለ፣ ዕቃ ከመካነ ሰላም እስኪመጣ እንደምትቆም ነገረን። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ጫማ የሚሰፋ ሰው አገኘሁና ጫማዬን አሰፋሁ።

ረፋድ ላይ አቶ ደምሴ ገብስ በአህያ ጭኖ ለገበያ መጣ። አይቶን ወደ ሻይ ቤቱ ገባ፣ ተሳሳምን፣ ሻይ አዘዝንለት።

«መጥተው ነበር እኮ» አለ ገና ብርጭቆውን ሳያነሣ።

«እነማን?» አልኩት፤ አውቄዋለሁ።

«ልጆቹ። ዘጠኙም። ሼሁ ከመስጊድ ሲወጡ ቀጥ ብለው ወደ ቤት ሄዱና ልጅቱን በእጃቸው ይዘው በመንደሩ መሃል አለፉ። ሌላው ሰው ያን ሲያይ አንድ አንድ እያለ ይዞ መጣ። ውሻ የለቀቀባት ሰውዬ ሳይቀር። መምህርቷ መስታወት መስታወታቸውን ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። ጠዋት መሄድዎን ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ምናልባት ከመንገድ ይመለስ ይሆናል ብለው እስኪመሽ ተቀመጡ።»

እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ። «በቅሎዎቹ እዚሁ ናቸው» አለ። «አሁን ብንነሣ በቀን እንደርሳለን። ነገ ሰብስበናቸው አይተው፣ ሰኞ እንመለሳለን። መኪናዋም እንደሁ ቆማለች።»

መልሴን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። «ቅዳሜና እሑድ ትምህርት የለም፤ ክፍል ውስጥ ተገኙ አይባልም። ደግሞ መኪናዋ ድንገት ብትነሣስ?» አልኩት። ጭኔ በኮርቻ ተልጦ ያቃጥለኝ ነበር። ይህንንም አሰብኩት እንጂ አልተናገርኩትም።

እንድሪስ «እሺ» አለ። አቶ ደምሴ ሻዩን ጠጥቶ አመሰገነና ወደ ገብሱ ሄደ።

እሑድ

መኪናዋ አልተነሣችም። ቀኑን ሙሉ ወግዲ ተቀምጬ ዋልኩ። ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ ከእንድሪስ ጋር ምሳ በላሁ፣ ፀጉሬን ተስተካከልኩ። የእንድሪስ ሚስት እንግዳ ነው ብላ፣ ቡና ያለ ስኳር እንደማልጠጣ ጠይቃ፣ ከጎረቤት ስኳር ተበድራ ሁለት ጊዜ ቡና አጠጣችኝ። ትምህርት ቤቱ ሄዶ ለመመለስ የሚበቃኝ ቀን ሁሉ እንዲህ አለቀ።

ከዚያ በኋላ

ሰኞ መኪናዋ ተነሣች። መካነ ሰላም አደርኩ፣ ደሴ አደርኩ፣ ባሕር ዳር ገባሁ። ኃላፊዬ ሪፖርቱን ሲያነብ ራሱን ነቀነቀ። «አላልኩህም? ከአሥራ አንድ ሁለት» አለ። ስለ ዘጠኙ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወዲያው ወደ ሌላ ሥራ አለፈ፣ እኔም አለፍኩ። ሁለቱን በሁለት አባዛሁ፣ ደመርኩ፣ ለገንዘብ ክፍል አስተላለፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከወግዲ ፖስታ ደረሰኝ። የዘይነባ ጽሑፍ ነው። የዘጠኝ ልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ስም፣ ከእያንዳንዱ ትይዩ የአባት ወይም የእናት የአውራ ጣት አሻራ። የመጀመሪያዋ ሐያት ናት፤ ከስሟ ትይዩ አሻራ ሳይሆን የሼሁ ፊርማ በዓረብኛ አለ። ከሥር ዘይነባ «እነዚህን ልጆች መጥተው ማየት ካልተቻለ እኔ ይዣቸው ወግዲ ድረስ ልመጣ እችላለሁ» ብላለች። ይዤው ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። «የዘንድሮው ተዘግቷል። ለሚቀጥለው ዓመት ይታይላቸዋል» አለኝ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገባሁ። መልስ መጻፍ ነበረብኝ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ አልጻፍኩም።

ክረምት ላይ እንድሪስ ለሥልጠና ባሕር ዳር መጣ። ይህን ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጋበዝኩት። ዓሣውን አመስግኖ በላና ጥያቄዬን እንደፈራሁ ገብቶት መሰለኝ ሳልጠይቀው ነገረኝ። የተረጋገጡት ሁለት ናቸው ሲባል ወረዳው ለሁለት ልጅ አንድ መምህር ማቆም አልቻለም። ዘይነባን አንደኛ ክፍል መደቧት፤ ክፍሉ ሞልቶ የተጨናነቀ ነው። ከሰዓት በኋላ በራሷ ጊዜ ልጆቹን ታስተምር ነበር። ሰዓቱ ከከብት ጥበቃው፣ ከእንጨቱ፣ ከውኃው ሲጋጭባቸው ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። መጨረሻ ላይ እሷም ዝውውር ጠይቃ መካነ ሰላም ገባች።

«ሐያትስ?» አልኩት።

«ከአያቷ ዘንድ ናት። ዘይነባ ስትሄድ መስታወቷን ሰጥታታለች።» ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቆም አለ። «ሼሁ ሰላም ብለዎታል። ‹ያ እንግዳ በመንገድ ስንት ቀን ተጉላላ ይሉኛል፤ ደኅና ገባ ወይ?› እያሉ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።»

ደኅና መግባቴን ንገርልኝ አልኩት።

መስከረም ላይ የአዲሱ ዓመት ቅጽ መጣ። የዚያን ትምህርት ቤት ገጽ ፈልጌ አወጣሁት። «መስማት የተሳናቸው» በሚለው ዓምድ ሥር ሰረዝ ተደርጎበታል። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆሞ አየውና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ ሰረዝን ለማጣራት ወግዲ ድረስ የሚላክ ሰው የለም። «ተጣርቷል» በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩና ገጹን ገለጥኩ።